አንድ ሐይቅ ስንት እንግዳ ይችላል? የስሎቬኒያ "አረንጓዴ ቱሪዝም" ሲፈታ

ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ጥርት ያለ ሐይቅ፣ መሃሉ ላይ ጉብ ያለች ደሴት፣ በደሴቷ ላይ ነጭ ቤተ ክርስቲያን፣ ከኋላ በረዶ የለበሰ ተራራ። ቦታው ብሌድ ይባላል፤ አገሩ ስሎቬኒያ ነው። (ከስሎቫኪያ ጋር የሚያምታታው ሰው ብዙ ስለሆነ አይፈረድባችሁም።) ፎቶው ከካሜራው ጀርባ ያለውን አያሳይም፦ በፈረንጆቹ ነሐሴ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በሐይቁ ዳር ባለችው ጠባብ መንገድ ተጠጋግቶ የቆመ መኪና፣ የቱሪስት አውቶቡስ ጭስ፣ ማቆሚያ ፍለጋ ለሦስተኛ ጊዜ የሚዞር አባወራ።

ስሎቬኒያ በጣሊያን፣ በኦስትሪያ፣ በሃንጋሪና በክሮኤሺያ መካከል የተቀመጠች ትንሽ አገር ናት። ስፋቷ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም፣ ሕዝቧ 2.1 ሚሊዮን ገደማ። ከዩጎዝላቪያ ተነጥላ ነጻ የወጣችው በ1991 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2019 ከ6 ሚሊዮን በላይ እንግዶች አድረውባታል፤ የሕዝቧን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። በኮሮና ጊዜ ቁጥሩ ወደቀ፣ ከዚያ ተመልሶ ወጣ።

ይህች አገር ለዓለም ገበያ የምታቀርበው ዋና ዕቃ ተፈጥሮዋ ነው። ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። "ውሃዬ ንጹሕ ነው" ብሎ ማስታወቅ ሰው ይጠራል፤ የተጠራው ሰው ደግሞ ውሃው ውስጥ ይገባል።

"ኃላፊነት የሚሰማው ቱሪዝም" ሲባል ምን ለማለት ነው?

ቃሉ በየብሮሹሩ ስለሚለጠፍ ትርጉሙ ሟሟ እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እንግዳው ሲመለስ ቦታው ለነዋሪውም ለቀጣዩ እንግዳም እንዳለ ይቆይ ነው። ከዚህ ጋር አብሮ የሚነሳ ሌላ ቃል አለ፤ "የመሸከም አቅም" ይባላል። አንድ ቦታ ሳይጎዳ ስንት ሰው ማስተናገድ ይችላል የሚለው ልክ ነው።

ይህን ልክ ብዙ ሰው እንደ አንድ ቁጥር ያስበዋል። አይደለም። ለ40 ሰው ድግስ ደግሳችሁ 100 ሰው መጣ እንበል። መጀመሪያ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ እንጀራው አይደለም። መቀመጫው ያልቃል፣ ከዚያ የእጅ መታጠቢያው ውሃ፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤቱ ወረፋ ይያዝበታል፣ ከዚያ ጎረቤት መተኛት ያቅተዋል። የመሸከም አቅም ማለት "ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው። በብሌድ ቀድሞ የሚያልቀው መንገዱ ነው። ተራራው ላይ ውሃውና መጸዳጃው ነው። በገደል ውስጥ በተሠራ የእግር መንገድ ላይ ደግሞ የመንገዱ ስፋት ነው። መድኃኒቱም እንደዚያው በየቦታው ይለያል።

6 ሚሊዮን እንግዳ ለአንድ አገር ብዙ ነው እንዴ?

እኩል ቢበተን ያን ያህል ባልሆነ። ግን አይበተንም። ከስሎቬኒያ ምድር ከግማሽ በላዩ ደን ነው፤ አብዛኛውን ማንም ቱሪስት አይረግጠውም። ሰዉ የሚጎርፈው ወደ ብሌድ፣ ወደ ቦሂን ሐይቅ፣ ወደ ፖስቶይና ዋሻ፣ ወደ ሶቻ ወንዝና ወደ ዋና ከተማዋ ሊዩብሊያና ነው፤ ያውም በተለይ በሁለት የበጋ ወራት (በጋ ስል የአውሮፓን ሞቃት ጊዜ ማለቴ ነው)።

የብሌድ ማዘጋጃ ቤት 8,000 ገደማ ነዋሪ አለው። በ2019 ግን ከ1 ሚሊዮን በላይ "አዳር" ተመዝግቦበታል። አዳር የሚቆጠረው በሰውና በሌሊት ነው፤ ባልና ሚስት ሦስት ሌሊት ቢያድሩ ስድስት አዳር ይሆናል። ሚሊዮኑን ለ365 ብታካፍሉት በቀን 2,700 ይመጣል። 8,000 ሰው ያለበት ከተማ ይህን ይችላል ያሰኛል። ግን አማካይ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፦ በጥር ክፍሉ ባዶ ነው፣ በነሐሴ አልጋ አይገኝም። ደግሞ ጠዋት ከሊዩብሊያና ወይም ከኦስትሪያ መጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ የታወቀውን የብሌድ ክሬም ኬክ በልቶ ማታ የሚመለሰው ሰው በዚህ ቆጠራ ውስጥ የለም። መንገዱን የሚዘጋው ግን እሱም ነው። ለከተማዋ የሚተወው ገንዘብ ከሚያድረው ያነሰ፣ የሚይዘው የመኪና ቦታ ግን እኩል ነው።

ሐይቁ ራሱ ታሞ ያውቃል?

ያውቃል። ታሪኩ በደንብ ቢነገር ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ ያሳያል።

ብሌድ ከ2 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚረዝም፣ ጥልቀቱ እስከ 30 ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ነው። በተፈጥሮው የሚገባበት ትልቅ ወንዝ ስለሌለ ውሃው ቶሎ አይታደስም። ከእሱ ብዙ የማይርቀው ቦሂን ሐይቅ ወንዝ ስለሚያልፍበት በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል ውሃውን ይቀይራል። ብሌድ ግን የገባበትን ቆሻሻ ይዞ ይቀመጣል።

ብሌድ የእንግዳ ከተማ የሆነችው ዛሬ አይደለም። በ1855 አርኖልድ ሪክሊ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በፀሐይ፣ በአየርና በውሃ የሚያክም ተቋም ከፈተባት፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ አልተለያትም። ሆቴል ሲበዛ ፍሳሽ በዛ። ፍሳሽ ውስጥ ፎስፈረስ አለ፤ ፎስፈረስ አልጌ ለሚባለው ጥቃቅን የውሃ ዕፅ ማዳበሪያ ነው። አልጌው ይፋፋል፣ ይሞታል፣ ወደ ታች ይሰጥማል፣ እዚያ ይበሰብሳል። መበስበስ ኦክስጅን ይበላል። በሩ ተዘግቶ ከሰል የሚነድበት ክፍል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የሐይቁ ታችኛው ክፍልም እንደዚያ ታፈነ። የባሰው ደግሞ፣ አየር ያጣ ደለል ለዓመታት አምቆ የያዘውን ፎስፈረስ መልሶ ወደ ውሃው ይለቃል። ስለዚህ ፍሳሹ ዛሬ ቢቆም እንኳ በሽታው ወዲያው አይቆምም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሐይቁ ውሃ በአልጌ ቀልቶ የታየበት ጊዜ ነበር።

የተደረገለት ሕክምና ሦስት ነው። በ1964 ከራዶቭና ወንዝ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ተጠልፎ እንዲገባበት ተደረገ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሐይቁ ወለል የታፈነውን ውሃ ስቦ የሚያወጣ ቱቦ ተዘረጋ፤ አሠራሩ ከመኪና ታንከር ቤንዚን በጎማ ስቦ ከማውጣት አይለይም፤ አንዴ ከተሳበ በኋላ በራሱ ይወርዳል። ሦስተኛው የፍሳሽ መስመር ነው። ሐይቁ ዳነ ማለት ይቻላል፤ ግን ቱቦው ዛሬም ይሠራል፣ አልጌውም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ዛሬ በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ ክልክል ነው። እንግዳ ወደ ደሴቷ የሚሻገረው ፕሌትና በተባለች ታችዋ ጠፍጣፋ በሆነች የእንጨት ጀልባ ነው። ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ በሁለት መቅዘፊያ ይቀዝፋል፤ ሥራው በአካባቢው ቤተሰቦች ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው።

ተራራ ላይ የሚፈስ ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ይመስለኛል፤ እንግዳውም ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

የስሎቬኒያ ሰሜን ምዕራብ ዩልያን አልፕስ ይባላል። አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው። ተራ አፈር ለውሃ እንደ ጠላ ማጥለያ ነው፤ ቀስ ብሎ ያሳልፋል፣ ቆሻሻውን ያስቀራል። የኖራ ድንጋይ ግን ስንጥቅጥቅ ነው፤ ዝናብ እየበላው ውስጡን ቦርቡሮታል። ላዩ ላይ የወረደው ውሃ በስንጥቁ ገብቶ፣ ሳይጣራ፣ ታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ላይኛው አምባ ላይ የሚሰርገው ውሃ በሳቪትሳ ፏፏቴ ብቅ ብሎ ቦሂን ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ ተራራው ላይ "ማንም አያየኝም" ብሎ ከቋጥኝ ጀርባ የተጸዳዳ ሰው፣ ሥራውን የሠራው በታችኛው መንደር ማድጋ አፍ ላይ ነው። የስሎቬኒያ ፓርላማ በ2016 ንጹሕ የመጠጥ ውሃ የማግኘት መብትን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገብቷል።

የአገሪቱ ከፍተኛው ተራራ ትሪግላቭ 2,864 ሜትር ነው። ሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ያለው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ እሱ ነው። "አንዴ ትሪግላቭን ያልወጣ ስሎቬናዊ አይባልም" የሚል ልማድ ስላለ በበጋ ጫፉ አጠገብ ባለው ቀጭን ሸንተረር ላይ ሰው የብረት ገመድ ይዞ ተራ ይጠብቃል። ከጫፉ በታች፣ 2,515 ሜትር ላይ፣ ክሬዳሪትሳ የተባለው የተራራ ማደሪያ ቤት አለ። እዚያ ከፍታ ላይ ምንጭ የለም፤ ውሃው የዝናብና የበረዶ ቅላጭ ነው። ስንቁ በሄሊኮፕተር ይወጣል። ሻወር የሚጠይቅ እንግዳ አስተናጋጁን ግራ ያጋባል።

ከፍ ብለው ያሉት ትንንሽ ሐይቆች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ድሮ ዓሣ አልነበራቸውም። ሰው አምጥቶ በአንዳንዶቹ ጨመረባቸው። ዓሣዎቹ አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን ፍጥረቶች በሉ፤ አልጌውም ያለ ከልካይ ፋፋ። ሳሩን የሚግጡትን ፍየሎች አርዶ "ሣሩ ለምን በዛ?" እንደማለት ነው። በነዚህ ሐይቆች መዋኘትም ክልክል ነው፤ ከሰው ገላ የሚታጠበው የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ላብ ለትልቅ ሐይቅ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለአንድ የተራራ ኩሬ ግን በቀን መቶ ሰው ሲገባበት ሌላ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ የሚገኘው በትሪግላቭ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። የአገሪቱ ብቸኛ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ 840 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ከመላው አገር 4 በመቶ ማለት ነው። ጥበቃው የተጀመረው በ1924 በሰባቱ ሐይቆች ሸለቆ ሲሆን የዛሬውን ስፋት ያገኘው በ1981 ነው። ከተመደበው ቦታ ውጭ ድንኳን ተክሎ ማደር፣ እሳት ማንደድ፣ ድሮን ማብረር አይፈቀድም። በፓርኩ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎች ይኖራሉ፤ ከብት ያረባሉ፣ አይብ ይሠራሉ፣ ክፍል ያከራያሉ። የእነሱ ከብቶች ካልጋጡት ፎቶ ላይ የምናየው ለምለም መስክ በጥቂት ዓመት ጫካ ይውጠዋል። ለእነሱ ቱሪስት ገቢም ነው፣ ሣራቸውን የሚረግጥም ነው።

መኪናውስ?

ቱሪዝም ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ሦስት አራተኛ ያህሉ ከጉዞው ይመጣል ተብሎ በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ተገምቷል። ሆቴሉ ፎጣችሁን በየቀኑ ባያጥብ ጥሩ ነው፤ ሂሳቡ ያለው ግን መንገዱ ላይ ነው። ወደ ስሎቬኒያ ብዙ ሰው የሚመጣው ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከጣሊያን በገዛ መኪናው ነው። የራሷ አየር መንገድ አድሪያ በ2019 ከስሮ ተዘግቷል።

ቭርሺች የተባለውን የተራራ መተላለፊያ ውሰዱ። 1,611 ሜትር ላይ ነው፤ ለመሻገር 50 ጥምዝ አለው። መንገዱን የሠሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሩሲያ ምርኮኞች ናቸው፤ በመጋቢት 1916 የበረዶ ናዳ ብዙዎቹን ቀበራቸው፣ ለመታሰቢያቸውም ትንሽ የእንጨት ጸሎት ቤት ከመንገዱ ዳር ቆማለች። በበጋ እሑድ ከጸሎት ቤቷ ፊት ስትቆሙ የምትሰሙት የሞተር ብስክሌት ጩኸት ነው። መንገዱ የፓርኩን ልብ አቋርጦ ያልፋል።

አማራጭ ጠፍቶ አይደለም። ከቦሂን ወደ ሶቻ ሸለቆ በ1906 የተከፈተ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የባቡር ዋሻ አለ፤ መኪናን ጭኖ የሚያሻግር ባቡርም ለዓመታት ሠርቶበታል። ሎጋርስካ ዶሊና በተባለው ሸለቆ ደግሞ ነዋሪዎቹ ማንንም ሳይጠብቁ በ1992 የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው ሸለቆውን ማስተዳደር ያዙ፤ በበጋ በመኪና የሚገባ ይከፍላል፣ በእግሩ የሚገባ አይከፍልም። በእኔ ዓይን ከአገሪቱ ሙከራዎች ሁሉ ቀላሉና ግልጹ ይህ ነው። ሊዩብሊያናም ከ2007 ጀምሮ የከተማዋን መሃል ለመኪና ዘግታ በ2016 የአውሮፓ አረንጓዴ ዋና ከተማ ተብላለች።

"አረንጓዴ" የሚለውን ማዕረግ ማን ይሰጣል?

የስሎቬኒያ ቱሪዝም ቦርድ የሚመራው ሥርዓት አለ። አንድ ከተማ ወይም ሸለቆ ውሃውን፣ ቆሻሻውን፣ ትራፊኩን፣ የነዋሪውን አስተያየት በመስፈርት ያስለካል፤ እንደ ውጤቱ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ ወይም ፕላቲነም ያገኛል። ሆቴል ማዕረጉን ለማግኘት ቀድሞ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ የአካባቢ ጥበቃ ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። መስፈርቱን ያወጣው መቀመጫውን ኔዘርላንድስ ያደረገ ግሪን ዴስቲኔሽንስ የተባለ ድርጅት ነው። ይኸው ድርጅት በ2016 ስሎቬኒያን በዓለም የመጀመሪያዋ አረንጓዴ አገር ብሎ ሰይሟታል።

ማዕረጉ የሚለካው አስተዳደሩን ነው፦ ዕቅድ አለ ወይ? ይቆጠራል ወይ? ይሻሻላል ወይ? "እዚህ ሰው አልበዛም" የሚል ዋስትና አይሰጥም። ብሌድ ማዕረጉ እያላት መንገዷ ይዘጋል፤ ሁለቱ አይጣሉም። ሌላው ደግሞ፣ ማዕረጉ ራሱ ማስታወቂያ ነው። ጥሩ ምስክር ወረቀት ያለው ሐኪም ደጃፍ ሰው እንደሚበዛው ሁሉ እዚህም ሰው ይበዛል።

ሰው ይቀነስ ወይስ ይበተን?

ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይቋጠራል።

ከብሌድ ጥቂት ራቅ ብሎ ቪንትጋር የተባለ ገደል አለ። ወንዙ ድንጋዩን ሰንጥቆ በሄደበት 1.6 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከገደሉ ግድግዳ የተንጠለጠለ የእንጨት መንገድ በ1893 ለእንግዳ ተከፈተ። ለዘመናት ሰው ይሄድበት፣ ይመለስበት ነበር። ሰው ሲበዛ ሄያጁና ተመላሹ እየተጋፋ፣ ሕፃን የያዘ ከግድግዳ እየተለጠፈ አስቸጋሪ ሆነ። ከ2020 ጀምሮ አንድ አቅጣጫ ብቻ ተደረገ፤ ትኬት በሰዓት ይቆረጣል፣ ሰው የራስ ቁር አድርጎ ይገባል፣ ሲጨርስ በሌላ የእግር መንገድ ዞሮ ይመለሳል። ገደሉ አልሰፋም፤ የሚያስተናግደው ግን ያለ ግፊያ ሆነ።

መበተኑ ደግሞ በዩልያና መንገድ ይታያል። በ2019 የተከፈተ፣ ትሪግላቭን በሩቁ የሚዞር፣ 270 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የእግር መንገድ ነው። ሐሳቡ ሰዉን ከጫፉ ወደ ሸለቆው፣ ከታወቀው ወደ ማይታወቀው መንደር ማውረድ ነው። መንደሩ ገቢ ያገኛል፣ ጫፉ ያርፋል። ችግሩ ግን ግልጽ ነው፦ ፀጥታው የሚሸጥ መንደር ፀጥታውን እስከ መቼ ይዞ ይቆያል? የተበተነ ሰው የተቀነሰ ሰው አይደለም።

ገንዘብም አለ። የሚያድር እንግዳ ለሌሊት ግብር ይከፍላል፤ በ2018 በወጣው ሕግ ጣሪያው 2.50 ዩሮ፣ በላዩ ላይ ለማስተዋወቂያ ሩብ ተጨምሮበት 3.13 ዩሮ ሆነ። ይህ ብር ለመንገድና ለፍሳሽ ይረዳል እንጂ ማንንም ከጉዞ አያስቀርም፤ ከአንድ ኬክ ዋጋ አይበልጥም። ማታ የሚመለሰው ጎብኚ ደግሞ አይከፍለውም።

የአየር ንብረቱ ነገርስ?

አጭር ነው፤ አስደሳች ግን አይደለም። ትሪግላቭ ሥር የነበረው ግግር በረዶ ከ1946 ጀምሮ ይለካል። ያኔ ከ10 ሄክታር በላይ ነበር፤ ዛሬ ከአንድ ሄክታር በታች ቁራጭ ቀርቷል፣ ግግር በረዶ ለመባልም አልበቃም። ዝቅ ብሎ በተቀመጠው ማሪቦር በየዓመቱ ይደረግ የነበረው የሴቶች የበረዶ ሸርተቴ ዓለም ዋንጫ ውድድር በረዶ እየጠፋ ወደ ተራራማዋ ክራንስካ ጎራ ተዛውሯል። በረዶ በማሽን መሥራት ይቻላል፤ ማሽኑ ግን ውሃና መብራት ይጠጣል፣ ያውም የጅረቶች ውሃ በሚቀንስበት የቅዝቃዜ ወራት። በነሐሴ 2023 ደግሞ አገሪቱ ከነጻነት ወዲህ አይታው የማታውቀው ጎርፍ ሁለት ሦስተኛ ምድሯን መታ።

እኔ መሄድ ብፈልግስ?

በአውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን መጠየቃችሁ አይቀርም። የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ለአጭር ጉብኝት ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ ድንበር ላይ ፍተሻ ስለሚያጋጥም ግን ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይያዝ። ከሙኒክ በቪላህ በኩል ወደ ሊዩብሊያና የሚሄደው ባቡር ሌስተ-ብሌድ ጣቢያ ይቆማል፤ ከዚያ ሐይቁ በአውቶቡስ ቅርብ ነው። ከሐምሌና ነሐሴ ይልቅ በግንቦት ወይም በመስከረም ሂዱ። ቢቻላችሁ እደሩ፤ ማታ የቀን ጎብኚው ሲመለስ ሐይቁ ሌላ ቦታ ነው፣ ቁርስ ቤቱም ስማችሁን ይጠይቃል።

ተራራ ከወጣችሁ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ባለበት ተጠቀሙ፣ አንድ ባዶ ፌስታል ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ማደሪያ ቤቱ ቆሻሻችሁን ቢቀበል እንኳ በሄሊኮፕተር ነው የሚወርደው። ይዛችሁ የወጣችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ውረዱ፤ የሙዝ ልጣጩንም ጭምር። እዚያ ላይ ቅዝቃዜው ቶሎ አያበሰብሰውም፤ ለወራት ቋጥኙ ላይ ቢጫ ሆኖ ይቀመጣል።